በቀጭን መጋዝ ፊደል መቁረጥና ንድፍ መለዋወጥ

ባለፈው የወላጆች ቀን ዋዜማ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ሰሌዳ ከኮምፔንሳቶ ቆርጠን በትምህርት ቤታችን በር ላይ ልንሰቅል ተነሥተን ነበር። ሐሳባችን ፊደሎቹን ከሰሌዳው ውስጥ ቆርጠን ማውጣትና በቀዳዳቸው በኩል የመብራት ብርሃን እንዲታይ ማድረግ ነበር። እስከ «ደህና» ድረስ ሥራው በጥሩ ሁኔታ ሄደ። «መ» ላይ ስንደርስ ግን የአንዱን ክብ ዙሪያ ቆርጠን እንደጨረስን መካከሉ ዱብ አለ። ሁለተኛውም ተከተለው። በሰሌዳው ላይ የቀረው አንድ ትልቅ ቀዳዳ ብቻ ሆነ። አጠገባችን ቆማ ስትመለከት የነበረች የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ «ይሄኛው ምን ፊደል ነው?» ብላ ጠየቀች። የሚመልስላት አልነበረም።

ጥፋቱ የተሠራው መጋዙ ሳይነሣ፣ ገና ወረቀቱ ላይ ነው። ጽሑፉን ከኮምፒውተር እንዳለ አትመን በእንጨቱ ላይ ለጥፈነው ነበር። በዚህ ሙያ የቆዩ ሰዎች ግን ለመጋዝ የሚሆን ንድፍ ለንባብ ከሚታተም ጽሑፍ የተለየ መሆኑን ያውቃሉ። ለላቲን ፊደል የተዘጋጁ፣ እንዲህ ያለው ችግር አስቀድሞ የታሰበባቸው ንድፎች በብዛት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። የእኛን ፊደል ግን እኛው መንደፍ ይኖርብናል። ይህ ጽሑፍ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ፊደላችን በእንጨት ሲቆረጥ ምን እንደሚፈልግና የተሠራ ንድፍ ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍ ለተማሪዎችና ለወላጆች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

መሣሪያው

ስክሮል ሶው የሚባለው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው። ምላጩ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው በጣም ቀጭን ነው፤ ላይና ታች በሁለት ክንዶች ተወጥሮ ይያዛል። ሞተሩ ሲነሣ ምላጩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ፍጥነቱ በብዙዎቹ መሣሪያዎች በደቂቃ ከ400 እስከ 1,600 ምልልስ አካባቢ ሊስተካከል ይችላል። ምላጩ ቦታውን ሳይለቅ ስለሚሠራ የሚንቀሳቀሰው እንጨቱ ነው፤ ሠራተኛው በሁለት እጁ እየገፋና እያዞረ መስመሩን ወደ ምላጩ ያመጣል። ምላጩ ቀጭን በመሆኑ እንጨቱ ባለበት ቦታ ሊዞር ይችላል፤ በትልቅ መጋዝ የማይሞከር ጥምዝምዝ ቅርጽ በዚህ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ኤሌክትሪክ የሌለው ሰውም ሥራው አይቀርበትም። እንደ ቀስት በታጠፈ ብረት ላይ ያንኑ ዓይነት ምላጭ ወጥሮ በእጅ መቁረጥ ይቻላል። ጫፉ እንደ ወፍ አፍ የተከፈለ ጣውላ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በሞርሳ ይታሰራል፤ የሚቆረጠው እንጨት በላዩ ተጋድሞ፣ ምላጩ በክፍተቱ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ የምላጩ ጥርሶች ወደ ታች ማየት አለባቸው። እንዲህ ሲሆን ምላጩ እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ይስበዋል፤ ተገልብጦ ከገባ ግን እያነሣ ያንቀጠቅጠዋል።

ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጥ አንድ ነገር አለ። ምላጩ ሲመረት በአንድ ጎኑ ላይ ጥቃቅን ሸካራ ጠርዝ ስለሚቀር፣ እንጨቱ ቀጥ ብሎ ሲገፋ መቁረጫው ወደዚያ ጎን ያዘነብላል። ልጆች ይህን ሲያዩ «እጄ ጠማማ ነው» ይላሉ። እጃቸው ምንም አልሆነም፤ እንጨቱን ትንሽ ሰያፍ አድርጎ መግፋት ነው። በማይፈለግ ቁራጭ ላይ አንድ ሰዓት ያህል የተለማመደ ሰው እጁ ራሱ ይለምደዋል።

ዋናው ጥበብ ግን ጠርዙን ሳይነኩ የእንጨቱን መካከል መቁረጥ ነው። በሚወጣው ክፍል ውስጥ በመሰርሰሪያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይበሳል። ምላጩ ከአንድ ጫፉ ይፈታና በቀዳዳው ሾልኮ እንደገና ይታሰራል፤ ቆርጦ ሲጨርስ ደግሞ ተፈትቶ ይወጣል። ሃምሳ ቀዳዳ ያለው ጌጥ ለመሥራት ምላጩ ሃምሳ ጊዜ ይፈታል፣ ሃምሳ ጊዜ ይታሰራል። በአንድ ቀን ያለቀ የሚመስል ሥራ ሳምንት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ንድፍ ከሰው ወደ ሰው

በቀጭን መጋዝ ማስጌጥ የቆየ ሙያ ነው። በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ዘመን የነበረው ዕውቅ የቤት ዕቃ ሠሪ አንድሬ ሻርል ቡል (እ.ኤ.አ. 1642–1732) የናስ ዝርግና የኤሊ ቅርፊት ደራርቦ በአንድ ጊዜ ይቆርጥ ነበር። ሁለቱም በአንድ መስመር ስለሚቆረጡ ከናሱ የወጣው ቅርጽ በቅርፊቱ ቀዳዳ ውስጥ፣ ከቅርፊቱ የወጣውም በናሱ ውስጥ ልክ ይገባ ነበር። ዛሬም የትርፍ ጊዜ ሠራተኞች ሁለት ሦስት ስስ ጣውላ ደራርበው በመቁረጥ ከአንድ ድካም ሦስት ሥራ ያወጣሉ።

ሙያው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው ግን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን፣ በእግር የሚረገጡ መጋዞች በብዛት መሸጥ ሲጀምሩ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1895 «ሆቢስ ዊክሊ» የሚባል ሳምንታዊ መጽሔት ተቋቋመ፤ ከመጽሔቱ ጋር የመጋዝ ሥራ ንድፍ በነጻ ይታደል ነበር። ንድፉ ወረቀት ስለሆነ ርካሽ ነው፤ በፖስታ ይሄዳል፣ ይገለበጣል። አንዱ የነደፈውን ፈጽሞ የማያውቀው ሰው በሌላ ከተማ ይቆርጠዋል። የዚህ ሙያ ወዳጆች እስከ ዛሬ የሚገናኙት በዚሁ መንገድ ነው።

በእኛም አገር የዚህ ሥራ ምልክት አለ። በአዲስ አበባ ፒያሳና አካባቢዋ የቀሩትን የድሮ ቤቶች ያየ ሰው ከጣሪያው ጠርዝና ከበረንዳው ላይ እንደ ዳንቴል የተቦረቦረ ጣውላ ተንጠልጥሎ ያስታውስ ይሆናል። ከተማዋ ገና ስትቆረቆር ከመጡት ባለሙያዎች መካከል ሕንዶችና አርመኖች ነበሩባቸው፤ የእነሱም አሠራር በእነዚህ ቤቶች ላይ ይታያል። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው አንድ ትንሽ ቅርጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደጋግሞ ይገኛል። ረጅሙን ጣሪያ ያስጌጠው አንድ ንድፍ ነው ማለት ነው።

ፊደላችን ሲቆረጥ

ፊደልን ከእንጨት ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፊደሉን ቆርጦ ጥሎ ቀዳዳውን ማስነበብ ነው፤ እኛ በሰሌዳው ላይ ያደረግነው ይህን ነው። ሁለተኛው በዙሪያው ያለውን ጥሎ ፊደሉን ራሱን እንጨት አድርጎ ማስቀረት ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው።

በመጀመሪያው መንገድ የሚያስቸግሩት ዙሪያቸው የተዘጋ ፊደላት ናቸው። «ለ»፣ «በ»፣ «ሀ» ክፍት ስለሆኑ ከውስጣቸው የሚወድቅ ነገር የለም። «ዐ» ግን በመካከሉ አንድ ደሴት አለው፤ «መ» ሁለት። «ወ» እና «ፀ»ም እንደዚሁ የተዘጉ ናቸው። «ሌ»፣ «ቤ»፣ «ኔ» በእግራቸው ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበትም መዘንጋት የለባትም፤ ትንሽ ብትሆንም መካከሏ መውደቁ አይቀርም። ደሴቱ እንዳይወድቅ ከውጭው እንጨት ጋር የሚያያዝበት ሳይቆረጥ የሚቀር ጠባብ መሸጋገሪያ መተው አለበት። ይህን ድልድይ እንበለው። በ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ድልድይ ይበቃል፤ ለአንድ ደሴት ግን ሁለት ድልድይ ቢኖር ይመረጣል። በአንድ ድልድይ የተንጠለጠለ ደሴት ሲቆረጥ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጸዳም ይሰበራል።

በሁለተኛው መንገድ ችግሩ ይገለበጣል። ፊደሎቻችን ተነጣጥለው የሚቆሙ በመሆናቸው በአንድ ቃል ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚያያዙበት ነገር ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ከላቲኑ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም በእኛ ፊደል ትንሽ ጭረት ድምፁን ትለውጣለች። አንድ ተማሪ ለመብራት ማስቀመጫ «በራ» የሚል ቃል ነደፈ እንበል። «በ»ን ከ«ራ» ጋር ለማያያዝ ከቀኝ እግሩ ግርጌ አጭር ጭረት ቢያወጣ «ቢራ» ሆኖ ይነበባል። ጭረቱን ወደ መካከል ከፍ ቢያደርገው ደግሞ «ቡራ» ይሆናል። ስለዚህ ፊደላትን በአጫጭር ጭረት ማያያዝ ትተን ከሥራቸው ከቃሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ወፍራም መስመር ብናደርግላቸው ይሻላል። እንዲህ ያለውን መስመር ዓይን እንደ መቆሚያ እንጂ እንደ ፊደል ክፍል አያየውም።

መስመሩም የራሱ ሕግ አለው። «ላ»፣ «ባ»፣ «ሳ» ከግዕዛቸው የሚለዩት የቀኝ እግራቸው ስለሚረዝም ነው። ስለዚህ መስመሩን የሚነካው የቀኙ እግር ብቻ ነው። «ይጠንክር» ብሎ የግራውን እግር ያስረዘመ ሰው «ላ»ን መልሶ «ለ» ያደርገዋል። በሌላ በኩል «ሰ» ሁለቱም እግሮቹ መስመሩን ሲነኩ በመካከላቸው ዝግ ቦታ ይፈጠራል፤ እሱም በመሰርሰሪያ ተበስቶ የሚቆረጥ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ፊደሉን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ቤታቸው ውስጥ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የሚቀናቸው ልጆቻችን «ለ»ንና «ላ»ን ሲያቀላቅሉ ብዙ ጊዜ እናርማቸዋለን። የትኛው እግር መስመር እንደሚነካ ወስኖ በእጁ የቆረጠ ልጅ ግን ልዩነቱን ለመርሳት ይቸግረዋል።

የመጀመሪያ ሥራ፦ «ሰላም»

ለጀማሪ ጥሩ ቃል «ሰላም» ነው። አጭር ነው፤ ክፍት ፊደልም፣ የተዘጋ ፊደልም አለው።

መጀመሪያ ቃሉ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት እንዲኖረው ሆኖ በወረቀት ላይ ይነደፋል። የፊደሉ ውፍረት ከ8 ሚሊ ሜትር ባያንስ፣ የታችኛው መስመርም 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን አይሰበርም። ከዚያ ወደ ውስጥ የሚቆረጡት ቦታዎች በቀይ ይቀለማሉ። የ«ም» ሁለት ክቦችና በ«ሰ» እግሮች መካከል ያለው ቦታ ሲደመሩ ሦስት ናቸው። «ም» ከመስመሩ ጋር ሲገናኝ ሌላ ዝግ ቦታ ከተፈጠረ እሱም ይጨመራል።

እንጨቱ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ኮምፔንሳቶ ስስ ንጣፎች እየተጠላለፉ ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ በየትኛውም አቅጣጫ ጠንካራ ነው። ጣውላ ከሆነ ግን የእንጨቱ ጭረት ወዴት እንደሚሄድ መታየት አለበት፤ ጭረቱን አቋርጦ የሚሄድ ቀጭን ክፍል በቀላሉ ይቀነጠሳል። ዋንዛ ለመቆረጥ ገር ነው። ወይራ ያማረ ቢሆንም ጠንካራ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም። እዚህ ናይሮቢ በንጎንግ መንገድ ዳር የቤት ዕቃ ከሚሠሩት የጁዋ ካሊ አናጺዎች ዘንድ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ቁርጥራጭ ማግኘት አያስቸግርም።

በእንጨቱ ላይ አስቀድሞ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፍና ንድፉ በፕላስተሩ ላይ በኮላ ይጣበቃል። እንዲህ ከሆነ ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ ሳይፋቅ አብሮ ይነሣል። ከወረቀቱ በላይ ግልጽ ፕላስተር ቢጨመር ምላጩን ያለሰልሰዋል፣ እንጨቱም በግጭት ሙቀት እንዳይጠቁር ይረዳል። ምላጭ ሲመረጥ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይወፍራል፤ ለዚህ ሥራ 3 ቁጥር ይስማማል።

የአቆራረጡ ቅደም ተከተል ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ቀዳዳዎቹ ይበሳሉ፤ የተዘጉት ቦታዎች ይቆረጣሉ፤ ዙሪያው የሚቆረጠው በመጨረሻ ነው። ዙሪያው ቀድሞ ከተቆረጠ እጅ የሚይዘው ሰፊ እንጨት ስለማይቀር የቀረውን ውስጡን መቁረጥ አስቸጋሪም አደገኛም ይሆናል። ሲያልቅ ከኋላው የቀረው ጭራሮ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከዚያ የተልባ ዘይት ወይም ቫርኒሽ ይቀባል። በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ንድፍ ስንሰጥና ስንቀበል

ንድፍ የሚለዋወጡ ሰዎች የሚያከብሩት አንድ ልማድ አለ፤ የነዳፊው ስም ከንድፉ አይለይም። ቆራጩ ሳምንት ሙሉ ቢደክምም ቅርጹን ያሰበው ሌላ ሰው ከሆነ ያን መናገር ይገባዋል። በሥራው ጀርባ ላይ ማን ነደፈው፣ ማን ቆረጠው፣ ከምን እንጨት፣ መቼ የሚሉት ይጻፋሉ። ንድፉን ያሻሻለ ሰውም የመጀመሪያውን ስም ሳይፍቅ የራሱን ይጨምራል። አንዳንድ ነዳፊዎች «ለራሳችሁ ቁረጡት፣ ግን አትሽጡት» ይላሉ። ለባዛር የሚሸጥ ነገር ከመሥራት በፊት ይህ መጠየቅ አለበት። «አላወቅሁም ነበር» የሚለው ምክንያት የሚያስኬደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከንድፉ ጋር ሊተላለፍ የሚገባው ሌላው ነገር ስህተቱ ነው። የትኛው ምላጭ ተሰበረ? የትኛው ድልድይ ጠበበ? የትኛው ቀዳዳ ተረሳ? ይህ በወረቀቱ ጠርዝ ከተጻፈ ቀጥሎ የሚቆርጠው ሰው ያንኑ ስህተት አይደግመውም። ያማረውን ሥራ ብቻ አሳይቶ የተሰበረውን የደበቀ ሰው ለሌላው የሰጠው ግማሹን ነው።

ለወላጆች

ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይነሣሉ። የመጀመሪያው አደጋን የሚመለከት ነው። ይህ መጋዝ ከሌሎች የኤሌክትሪክ መጋዞች ጋር ሲነጻጸር ገር ነው፤ ይሁን እንጂ ጣት ይቆርጣል። ልጆች አዋቂ በሌለበት አይሠሩም። ጣት ከምላጩ ፊት ለፊት አይቀመጥም፤ በጎንና በጎን ይሆናል። ምላጭ ሲቀየር ወይም በቀዳዳ ሲገባ መሣሪያው ይጠፋል። ረጅም ጸጉር ይታሰራል፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ይሰበሰባል፣ መነጽርም ይደረጋል። ከሁሉ የሚዘነጋው ብናኙ ነው። ወፍራሙ ሰጋቱራ መሬት ላይ ይወድቃል፤ የላመው ብናኝ ግን አየር ላይ ቆይቶ ወደ ሳንባ ይገባል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ ሥራው ነፋሻ ቦታ ላይ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ይሠራል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ልጄን የላክሁት አናጺ እንዲሆን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ሥር አለው። በአገራችን ባለ እጅ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው እንዳይሰድቡት በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ለዚህ ነበር። ፊንላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1866 የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ የትምህርት ዓይነት አድርጋዋለች። የዚህ ትምህርት መሪ የነበሩት ኡኖ ሲግኔዎስም ሆኑ በስዊድን ተከትለዋቸው መምህራንን ያሠለጠኑት ኦቶ ሳሎሞን ዓላማቸው አናጺ ማፍራት አልነበረም። ልጁ ለክቶ እንዲጀምር፣ የጀመረውን እንዲጨርስ፣ ስህተቱንም በዓይኑ አይቶ እንዲያርም ነው። አናጺ መሆን የሚፈልግ ልጅ ቢገኝም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሰሌዳውን ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ሠራነው። ለ«መ» አራት ድልድይ ተተወለት፤ ለያንዳንዱ ክብ ሁለት ሁለት። አሁን በበሩ ላይ ነው፤ ሲመሽ መብራቱ በፊደሎቹ ውስጥ ያልፋል። ንድፉ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ ዶሴ ተቀምጧል፤ የፈለገ ሰው ሊገለብጠው ይችላል። በጠርዙ ላይ የነዳፊዎቹና የቆራጮቹ ስም፣ የምላጩ ቁጥር፣ የተሰበሩት ምላጮች ብዛት ተጽፏል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቺ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ወደ «መ» ቀስት ስባ በቀይ እርሳስ የጻፈችው አለ፦ «እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ ይወድቃል»።